ልብስ ሰፊዋ እናት

ባለፈው መስከረም በጅጋ ከተማ በምናስተምርበት ትምህርት ቤት አዲስ ተማሪዎች ሲመዘገቡ፣ ከመዝጋቢዎቹ አንዱ እኛ ነበርን። በመመዝገቢያው ወረቀት ላይ «የአባት ሥራ»፣ ከእርሱም በታች «የእናት ሥራ» የሚሉ ሁለት መሥመሮች ነበሩ። ልጆቹ ስለ አባታቸው ሲጠየቁ ሳያመነቱ ይመልሳሉ፤ አንዱ ገበሬ ነው ይላል፣ ሌላው የበርበሬ ነጋዴ ነው ይላል፣ ሌላውም ሸማኔ ነው ይላል። ስለ እናታቸው ሲጠየቁ ግን አብዛኞቹ ጥቂት አሰብ አድርገው «ሥራ የላትም» ይላሉ። እኛም የተባልነውን ሰምተን «የለም» እያልን ጻፍን።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ልጅ ከአያቷ ጋር መጣች። የእናቷን ሥራ ብንጠይቃት «እናቴ ቤይሩት ናት» አለችን። «እዚያ ምን ትሠራለች?» ብንላት፣ የለበሰችውን ቀሚስ በሁለት እጇ ይዛ አሳየችንና «ይህን የላከችልኝ እርሷ ናት» ብላ ዝም አለች። አያቲቱም አንገታቸውን ደፉ። በዚያች መሥመር ላይ ምን እንደሚጻፍ ስላላወቅን ባዶዋን ተውናት።

ማታ ወደ ቤታችን ገብተን ስናስበው ነገሩ አልተወንም። እኛ ራሳችን ከአብነት ትምህርት ቤት ወጥተን ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት በገባን ጊዜ፣ ስለ እናታችን ሥራ ተጠይቀን «የላትም» ብለን የመለስን መሆናችን ትዝ አለን። በዚያን ቀን በትከሻችን ላይ የነበረውን ጋቢ የፈተለችው ግን እርሷ ነበረች። ጥጡን በመዳመጫ ዳምጣ፣ በደጋን ነድፋ፣ ባዘቶ አድርጋ፣ በእንዝርት ፈትላ፣ ልቃቂቱን ለሸማኔ የሰጠች እርሷ ናት። ሸማኔው ሥራ ያለው ሰው ሲባል፣ ድሩንና ማጉን ያቀረበችለት ሴት ግን ሥራ የሌላት ተባለች። ይህን ያልነውም እኛው ልጇ ነን።

ያች ልጅ የጠራቻት የቤይሩት ከተማ ደግሞ ሌላ ታሪክ አሳሰበችን። ዛሬ ከእኛ አገር እናቶች ለእንጀራ ወደዚያች ከተማ ይሄዳሉ። ከመቶ ዓመት በፊት ግን በዚሁ መንገድ በተቃራኒው፣ ከቤይሩትና ከሐለብ ተነሥተው ወደ አገራችን የመጡ፣ በመርፌያቸው ቤተ ሰብ ያቆሙ እናቶች ነበሩ። እነዚህም የአርመን ስደተኞች ናቸው። ውድ አንባቢዎቻችን፣ ዛሬ ስለ እነርሱ ጥቂት ልናወጋችሁ አሰብን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በእኛው አቈጣጠር ናቸው።

አርመን የሚለው ስም ለቤተ ክርስቲያናችን ልጆች እንግዳ አይደለም። የአርመን ቤተ ክርስቲያን የሃይማኖት እኅታችን ናት፤ እኛ በግዕዝ እንደምንቀድስ እነርሱም ግራባር በሚባለው በጥንቱ ቋንቋቸው ይቀድሳሉ። ጻድቁ አባታችን ኤዎስጣቴዎስ ከአገራቸው ወጥተው ያረፉት በዚያው በአርመን ምድር ነው። በኢየሩሳሌም የሚኖሩ መነኰሳቶቻችንም ችግር በጸናባቸው ዘመን ከአርመን ገዳም የዕለት ምግብ ይሰጣቸው ነበር። በጥር ወር 1957 ዓ.ም. የእኅትማማች አብያተ ክርስቲያናት አባቶች በአዲስ አበባ በተሰበሰቡ ጊዜ የአርመኑ ካቶሊኮስ ቀዳማዊ ቫዝጌን አብረው ተቀምጠዋል።

ለእኛ ለጎጃም ሰዎች ደግሞ ከዚህ የቀረበ ነገር አለ። የመርጡለ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን ያሳነጹት እቴጌ እሌኒ፣ ከፖርቱጋል ንጉሥ ጋር ወዳጅነት ለመመሥረት በፈለጉ ጊዜ መልእክታቸውን አስይዘው የላኩት ማቴዎስ የሚባል አርመናዊ ነጋዴ ነበረ። ማቴዎስ ብዙ መከራ ተቀብሎ በ1506 ዓ.ም. ሊዝቦን ደረሰ፤ በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ አገራችን ቢመለስም፣ ንጉሡ ዘንድ ሳይቀርብ በደብረ ቢዘን ዐረፈ። እንግዲህ የሩቁን አገር ሰው ከእኛ ጋር ያስተዋወቀን ራሱ ስደተኛ የሆነ ሰው ነበረ።

ወደ እናቶቹ ታሪክ እንመለስ። በሚያዝያ ወር 1907 ዓ.ም. በኦቶማን ቱርክ መንግሥት ውስጥ በሚኖሩት አርመኖች ላይ ታላቅ ጥፋት ተጀመረ። ወንዶቹ ተለይተው ተገደሉ፤ ሴቶቹና ሕፃናቱ ከየቤታቸው ወጥተው በእግራቸው ወደ ሶርያ በረሃ ተነዱ። በዚህ ጥፋት ያለቁት አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል እንደ ሆኑ ይነገራል። የአርመን ቤተ ክርስቲያንም መቶ ዓመቱ በተፈጸመ ጊዜ፣ በሚያዝያ 15 ቀን 2007 ዓ.ም. ሰማዕታት ብላ ሰይማቸዋለች።

ከሞት የተረፉት ሐለብ፣ ቤይሩትና ኢየሩሳሌም ሲደርሱ በእጃቸው ምንም አልነበረም። ከብቱና መሬቱ ቀርቷል፤ ባልና አባት የላቸውም። አንድ ነገር ግን ከሴቶቹ ጋር አብሮ ተሰዶ ነበር፤ እርሱም የእጅ ሙያቸው ነው። የዓይንታብ ሴቶች ከነጭ ጨርቅ ላይ ክሩን እየመዘዙ በዚያው ላይ በነጭ ክር ጥልፍ በመሥራት የታወቁ ነበሩ፤ የማራሽ ሴቶችም ክሩ እርስ በርሱ በሚጠላለፍ የራሳቸው ጥልፍ ይታወቁ ነበር። በኡርፋ ደግሞ ከዚያ በፊት በ1888 ዓ.ም. ግድም በደረሰው እልቂት ባሎቻቸውን ላጡ ሴቶች፣ ኮሪና ሻተክ የምትባል አሜሪካዊት መምህርት የጥልፍ ሥራ ከፍታላቸው፣ የጠለፉት መሐረብ በባሕር ማዶ እየተሸጠ ልጆቻቸውን ያሳድጉበት ነበር። ስለዚህ አርመናዊቱ እናት መርፌ ሲርብ እንጀራ፣ ሲበርድ ልብስ እንደሚሆን አስቀድማ ታውቅ ነበር።

በሊባኖስ ተራራ በጋዚር በተቋቋመ የእጓለ ማውታ ቤት ውስጥም ወላጅ የሌላቸው አርመናውያት ልጃገረዶች ከ4 ሚሊዮን በላይ ቋጠሮ ያለው አንድ ታላቅ ምንጣፍ ሠርተው፣ ላበላቸውና ላለበሳቸው የአሜሪካ ሕዝብ ምስጋና ይሆን ዘንድ በ1918 ዓ.ም. ለፕሬዚዳንት ካልቪን ኩሊጅ ላኩ። ምንጣፉ ዛሬም በአሜሪካ ቤተ መንግሥት ንብረትነት ተጠብቆ ይገኛል። የሠሩትን ልጆች ስም ግን ከታሪክ አዋቂዎች በቀር የሚያውቀው የለም።

በዚያው ዘመን፣ በ1916 ዓ.ም. የትንሣኤ ሰሞን፣ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን ሊሳለሙ ሄዱ። በአርመን ገዳም የሚያድጉ እጓለ ማውታ ሕፃናት የሙዚቃ መሣሪያ ይዘው ሲጫወቱ ባዩ ጊዜ ልባቸው ተነክቶ፣ ከገዳሙ አባቶች ጋር ተስማምተው አርባውን ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። ልጆቹ በጳጉሜን ወር አዲስ አበባ ገቡ፤ ሕዝቡም «አርባ ልጆች» አላቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የዓይንታብ ተወላጅ ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይህ ስደተኛ የኢትዮጵያን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ሠራ፤ ግጥሙን የደረሰው ደግሞ የጎጃሙ የደብረ ኤልያስ ሰው፣ ባለቅኔው ዮፍታሔ ንጉሤ ነበር። መዝሙሩ እስከ 1967 ዓ.ም. አገራችንን አገልግሏል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉልን። የአርመኖችን የቤተ ሰብ ስም ብንመረምር በብዙው የአባቶችን ሙያ ይናገራል። ናልባንዲያን ማለት የፈረስና የበቅሎ ጫማ የሚመታ ሰው ልጅ ማለት ነው። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ በቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺነት የታወቀው የቦያጂያን ቤተ ሰብ ስሙ የቀለም ነካሪ ልጅ ማለት ነው። ያንን ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ብሎ የጠራውን የመንገድ መዳመጫ ወደ አዲስ አበባ ያስመጣው ሰርኪስ ቴርዚያንም ስሙ የልብስ ሰፊ ልጅ ማለት ነው። የወንዱ ሙያ ስም ሆኖ ለልጅ ልጅ ሲተላለፍ፣ በዚያው ቤት መብራት አብርታ ስትሰፋ ያደረችው እናት ሙያ ግን ስም ሳይሆን ቀርቷል።

ስሟ በመጽሐፍ ስላልተጻፈ አንዲቱን እናት በሐሳባችን እናቁማት። ይህች ሴት አንዲት ብቻ አይደለችም፤ የምንነግረው በብዙዎቹ ላይ የደረሰውን ነው። ይህች ልጅ በሕፃንነቷ እናትና አባቷን አጥታ በቤይሩት በእጓለ ማውታ ቤት አደገች። እዚያም ማንበብና መጻፍ፣ ከእርሱም ጋር ልብስ መቅደድና መስፋት ተማረች። ዐሥራ ስምንት ዓመት ሲሆናት አዲስ አበባ የሚኖር አንድ አርመናዊ ሠራተኛ በዘመድ በኩል ለጋብቻ ጠየቃት። ያላየችውን አገር፣ ያላወቀችውን ባል ብላ በመርከብ ጅቡቲ ደረሰች፤ ከጅቡቲም በባቡር 780 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዛ አዲስ አበባ ገባች። በሣጥኗ ውስጥ ከልብሷ በቀር የነበረው መቀስ፣ መርፌና ክር፣ የጸሎት መጽሐፍም ነው።

ባሏ የሚያገኘው ገንዘብ ለቤት ኪራይ እንኳ የሚበቃ አልሆነም። ስለዚህ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና በዱቤ ገዝታ በመስኮቱ አጠገብ አቆመች። መጀመሪያ የአርመን ጎረቤቶቿን፣ ቀጥሎም የአዲስ አበባን ወይዛዝርት ልብስ ትሰፋ ጀመር። የሙሽራ ቀሚስ፣ የክርስትና ልብስ፣ የተማሪ ዩኒፎርም፣ ያረጀ ኮት ተፈትቶ ለትንሹ ልጅ ሲሰፋ፣ ሁሉም በእርሷ መኪና ሥር ያልፍ ነበር።

ይህ ሥራ በእኛ ዘንድ እንግዳ ነገር ነበረ። በጎጃም ገጠር ሴት ትሰፋለች ስንል ሞሰብና ሰፌድ ትሰፋለች ማለታችን ነው፤ ልብስ ሰፊ ብንል ግን የሚታየን በገበያ ቀን በሱቅ በረንዳ ላይ መኪናውን ዘርግቶ የሚሰፋ ወንድ ነው። አርመናዊቱ እናት በአዲስ አበባ ሴት ልጅ በቤቷ ተቀምጣ፣ ልጆቿን ከዓይኗ ሳታርቅ፣ በልብስ ስፌት ገንዘብ ልታገኝ እንደምትችል ለጎረቤቶቿ በዓይናቸው አሳየች።

አማርኛን የተማረችው ከደንበኞቿ ነው። መጀመሪያ የቻለቻቸው ቃላት «ይጠባል»፣ «ይሰፋል»፣ «ነገ ነይ» የሚሉ ነበሩ። ልጆቿን ግን በቤት ውስጥ በአርመንኛ ታነጋግራቸው ነበር፤ አገሯን ያጣች ሴት ቋንቋዋን ደግማ ልታጣ አልፈለገችምና። በአዲስ አበባ ወገኖቿ ባቋቋሙት በኬቮርኮፍ ትምህርት ቤት አስተማረቻቸው። በእሑድም በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም ወደ ተሠራው ቤተ ክርስቲያናቸው፣ ራሷ የሰፋችውን ንጹሕ ልብስ አልብሳ ትወስዳቸው ነበር።

የአርመኖች የልደት በዓል የሚውለው በታኅሣሥ 28 ቀን፣ ከእኛ በዓል አንድ ቀን አስቀድሞ ነው። ስለዚህ የገና ሰሞን ለዚህች እናት ብርቱ ጭንቅ ነበረ። የራሷ በዓል ሲብት፣ የጎረቤት ልጆች የገና ልብስ ገና አልተጨረሰም። ቀን ቀድሳና ልጆቿን አብልታ፣ ማታ ተመልሳ በመኪናዋ ላይ ትቀመጣለች፤ በማግሥቱ የሰፈሩ ሕፃናት በአዲስ ልብስ ሲያጌጡ፣ እርሷ እንቅልፍ አጥታ ያደረች መሆኗን ያወቀ አልነበረም።

በአራትና በአምስት ልጆች መካከል እንዲህ እየሰፋች ዓመታት አለፉ። የጠላት የወረራ ዘመን መጥቶ ሄደ። ልጆቿ አድገው ሜካኒክ፣ ነጋዴ፣ መምህር፣ ሙዚቀኛ ሆኑ። የልጅ ልጆቿ ክርስትና ሲነሡ ልብሱን የምትሰፋው እርሷ ናት። ዓይኗ ሲደክም ክሩን በመርፌው ዓይን የሚያሳልፉላት የልጅ ልጆቿ ነበሩ። ቤተ ሰቡ ሲጣላ የሚታረቀው በእርሷ ማዕድ፣ ሲመክርም የሚመክረው በእርሷ መኪና ዙሪያ ነው። አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያሉት በእንዲህ ያለች እናት ቤት ይፈጸማል፤ ድሩን የምታሳብረው እርሷ ናትና።

በበዛበት ዘመን 1,200 ገደማ የነበረው የአርመኖች ማኅበር በ1966 ዓ.ም. ከመጣው አብዮት በኋላ መበተን ጀመረ። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ ሱቅና ፋብሪካም ወደ መንግሥት ሲዞር፣ ብዙዎች ወደ አሜሪካ፣ ወደ ካናዳና ወደ ሌላም አገር ሄዱ። እናቲቱም በሕፃንነቷ ያየችውን መለየት በእርጅናዋ ዳግመኛ አየች። ዛሬ በአዲስ አበባ የቀሩት ቤተ ሰቦች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ያነሣነው የሌላውን ሕዝብ ታሪክ ለማውራት ብቻ አይደለም። ያችን በጅጋ ቀሚሷን ይዛ ያሳየችንን ልጅ አስቡልን። በቤይሩት አጠገብ ቡርጅ ሐሙድ የሚባል ሰፈር አለ፤ ከጥፋት ያመለጡ አርመኖች በድንኳን ጀምረው የሠሩት ከተማ ነው። በዚያ ሰፈር ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያት ተከራይተው ይኖራሉ። አንዲት እናት ከዚያ ወደ እኛ መጥታ ልጆቿን በመርፌ አሳደገች፤ ሌላዋ እናት ከእኛ ወደዚያ ሄዳ፣ የሰው ቤት እያጠበችና የሰው ልጅ እያሳደገች የራሷን ልጅ በሩቅ ታለብሳለች። በ2012 ዓ.ም. የዚያ አገር ገንዘብ በወደቀ ጊዜ ከእኅቶቻችን ብዙዎቹ ያለ ደመወዝ ተሰናብተው በጎዳና ላይ መውደቃቸውን ሰምተናል። የመጀመሪያይቱ ልጆቿ ከመኪናዋ ሥር ተቀምጠው አድገዋል። ሁለተኛይቱ ግን ልጇ ቁመቷ ምን ያህል እንደ ደረሰ የምታውቀው፣ በላከችው ቀሚስ ማጠርና መርዘም ነው።

በሐዋርያት ሥራ መጽሐፍ በኢዮጴ ከተማ ስለ ነበረች ጣቢታ ስለምትባል ደቀ መዝሙር ተጽፏል። በሞተች ጊዜ ባልቴቶቹ እያለቀሱ ለቅዱስ ጴጥሮስ ያሳዩት ወርቋን ወይም ቤቷን አልነበረም፤ ከእነርሱ ጋር ሳለች የሰፋችላቸውን ልብስ ነው እንጂ። ያችም ሕፃን ያደረገችው ይህንኑ ነው። ስለ እናቷ ሥራ ስትጠየቅ ልብሷን ይዛ አሳየችን፤ እኛ ግን መምህር ነን እያልን ሳናነበው ቀረን።

በማግሥቱ ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዳችን በፊት እናታችንን «ለአንድ ጋቢ ፈትል ስንት ሌሊት ይፈጅብሽ ነበር?» ብለን ጠየቅናት። ሣቀች። «ሌሊቱን ማን ቈጠረው ልጄ! አራት ድርብ ነው፤ እስኪያልቅ መፍተል ነው እንጂ» አለችን። ልንጽፈው እንደ ሆነ ብንነግራት «ምኑን ትጽፈዋለህ፤ ሴት ሁሉ የሚሠራው አይደለም?» አለች። እኛም «ስለዚህ ነው የምንጽፈው» ብለን መለስንላት። ከዚያ ወዲያ ጥጥ ከየት ታመጣ እንደ ነበር፣ ፈትል ማን እንዳስተማራት፣ የእኛን የመጀመሪያ የትምህርት ቤት ደብተር በየትኛው ልቃቂት ዋጋ እንደ ገዛች ሁሉ ነገረችን። አርባ ዓመት አልፎን ይህን የሰማነው በዚያች ቀን ነው።

ወደ ትምህርት ቤት ደርሰን መዝገቡን ገለጥን። በፈቃድ «የለም» የሚለውን ሁሉ ማረም ባይቻለንም፣ ለተማሪዎቻችን የዓመቱን የመጀመሪያ ድርሰት እናትና አያቶቻቸውን ጠይቀው እንዲጽፉ አዘዝን። በሳምንቱ የመጣልን ወረቀት ብዙ ነበር፤ ጠላ ጠምቃ ያስተማረች፣ ፈትል ሸጣ ላም የገዛች፣ ሞሰብ ሰፍታ ልጅ የዳረች፣ በክረምት አርማ በበጋ አጭዳ ቤት ያቆመች ተጽፋ መጣች። ያችም ልጅ ከአያቷ ጠይቃ፣ በስልክም ከእናቷ ሰምታ፣ አንድ ገጽ ሙሉ ጽፋ ሰጠችን። ባዶ ትተነው በነበረው መሥመር ላይም በእርሷው ቃል «በሰው ቤት ሠርታ እኔንና አያቴን ታኖረናለች» ብለን ጻፍን።

ውድ አንባቢዎቻችን ሆይ፣ በየቤታችሁ እናት ወይም አያት በሕይወት ካለች፣ ዛሬ ማታ ቡናው ሲፈላ አጠገቧ ተቀምጣችሁ ሥራዋን ጠይቋት፤ የነገረቻችሁንም በወረቀት ላይ አኑሩት። ስሟንም ከላይ መጻፍ አትርሱ። በሰው አገር ያሉትን እናቶችና እኅቶች እግዚአብሔር በሰላም ለልጆቻቸው ያብቃቸው።